ሞተሪኖው ያዞራል፣ መኪናዋ አትነሳም

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ እንደምን ሰነበቱ? የሐይቅ ልጅ ነኝ። ባለፈው ሳምንት የአባቴን ኮሮላ ዲኤክስ ይዤ ከኮምቦልቻ የሐረጎን አቀበት ወጥቼ ደሴ ገባሁ። ፒያሳ ለግማሽ ሰዓት አቁሜያት ስመለስ አልነሳ አለች። ማታ ላይ ግን ምንም እንዳልሆነች ተነሳችና ሆጤ ሰፈር አክስቴ ቤት አደረች። ከሁለት ቀን በኋላ ጠዋት ላይ ጭራሽ እምቢ አለች። ሞተሪኖው በደንብ ያዞራል። አንዳንዴ ልትይዝ ትልና ቁልፉን ስለቅ ጭጭ ትላለች። የሰፈር ልጆች ተሰብስበው ቁልቁለቱን ገፋናት፤ ትንፍሽ አላለችም። ባትሪ ቀየርኩ፣ ካንዴላ ቀየርኩ። አንድ መካኒክ ዲስትሪቢዩተሩን ፈቶ ገጠመው። አሁን ደግሞ ‹ካርቡሬተር ግዛ› ይለኛል። ልግዛ? ሞተሯ 4ኬ ነው፣ ፑንቲና ያለው።»

አብሽር ወንድሜ። ካርቡሬተሩን አትግዛ። ቢያንስ ዛሬ አትግዛ።

ጥያቄህ ውስጥ ሁለት ነገር ጣል አድርገህ አልፈሃል። አንዱ «ልትይዝ ትልና ቁልፉን ስለቅ ጭጭ ትላለች» ያልከው ነው። ሌላው ስትገፋ ትንፍሽ አለማለቷ። እኔ ብሆን መፍቻ ከማንሳቴ በፊት እነዚህ ሁለቱን ነበር የማሰላስለው። ካርቡሬተር ቁልፉ የት ላይ እንዳለ አያውቅም። ቤንዚን አጥሯት ቢሆን ኖሮ ሞተሪኖ ያዙራት፣ ሰው ይግፋት፣ ለእሷ ያው ነው። የአንተዋ ግን ሞተሪኖ ሲመታ የሆነ ነገር ታገኛለች፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ደግሞ ያ ነገር ይቀርባታል። ቁልፉን ተከትሎ የሚመጣና የሚሄድ ነገር ምንድን ነው? ኤሌክትሪክ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእነዚህ አሮጌ ኮሮላዎች ላይ ቦቢናው (ለካንዴላው እሳት የሚያመነጨው) ሁልጊዜ የባትሪውን ሙሉ ቮልት እንዲቀበል አልተሠራም። በመንገዱ ላይ አንድ ሬዚስተር አለ። ቦቢናው መያዣ ላይ የታሰረች፣ ነጭ ሸክላ የለበሰች፣ ጣት የምታክል ነገር ናት። ኮፈኑን ስትከፍት ትታይሃለች። ብዙ ሰው ምን እንደምትሠራ ሳያውቅ ነው መኪና ሸጦ ሌላ የሚገዛው።

ሥራዋ ቀላል ነው። ሞተሩ ሲሠራ ወደ ቦቢናው የሚሄደውን ከረንት ትቀንሳለች። እሷ ባትኖር ቦቢናው ይግላል፣ ፑንቲናውም (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን የሚያስነሳው) ቶሎ ይቃጠላል። ሞተሪኖ ስትመታ ግን ሌላ ችግር ይመጣል። ሞተሪኖው ብዙ ከረንት ስለሚስብ ባትሪው ወደ 10 ቮልት አካባቢ ይወርዳል። በዚያ ላይ ሬዚስተሩ ሲጨመርበት እሳቱ ይደክማል። ስለዚህ ፋብሪካው ሁለተኛ ሽቦ ዘረጋ። ቁልፉ ስታርት ላይ እስካለ ድረስ ኤሌክትሪኩ ሬዚስተሩን ዘሎ በቀጥታ ቦቢናው ላይ ይገባል። ቁልፉን ስትለቅ ያ መንገድ ይዘጋና በሬዚስተሩ በኩል ያለው ይቀጥላል።

አሁን ሬዚስተሩ ውስጡ ተበጥሷል እንበል። ስታርት ላይ እሳት አለ። ኦን ላይ የለም። ሞተሩ ልያዝ ይልና ቁልፉን ስትለቅ ይሞታል። ስትገፋው ደግሞ ቁልፉ ኦን ላይ ብቻ ስለሆነ እሳት የሚባል ነገር አያይም። የሆጤን ቁልቁለት ትተህ ከሐረጎ አናት ብትለቃትም አትነሳም።

ይህ ግምት ነው። የጻፍከው ነገር ወደዚያ ስለሚያመለክት እንጂ መኪናዋን አላየሁም። ግን ግምቱን ለማረጋገጥ ምንም መግዛት አያስፈልግህም። የታርጋ መብራት አምፖል አንድ ፈልግ፣ ያቺ ትንሿ ባለ 5 ዋት። ሁለት ሽቦ አያይዝባት። አንዱን ሽቦ ከሞተሩ ብረት ጋር ማሳ አድርገው። ሌላውን የቦቢናው ፕላስ ላይ አስነካ። አንድ ሰው ቁልፉ ላይ ይቀመጥልህ። ማርሹ ዜሮ ላይ፣ የእጅ ፍሬኑ የተሳበ ይሁን።

መጀመሪያ ቁልፉን ኦን ላይ ያድርግልህ። አምፖሉን እይ። ቀጥሎ ስታርት ይምታ። አሁንም አምፖሉን እይ።

ኦን ላይ ጨለማ፣ ስታርት ላይ ብርሃን ከሆነ ጉዳዩ አለቀ ማለት ይቻላል። ወይ ሬዚስተሩ ነው፣ ወይ ወደ ሬዚስተሩ የሚመጣው ሽቦ፣ ወይ የቁልፉ ስዊች። ለመለየት አምፖሉን ከቦቢናው አንስተህ፣ ቁልፉ ኦን ላይ እንዳለ የሬዚስተሩን ሁለት ጫፎች ተራ በተራ ንካ። መግቢያው ላይ በርቶ መውጫው ላይ ከጠፋ ሬዚስተሩ ሞቷል። መግቢያውም ላይ ጨለማ ከሆነ ጥፋቱ ከሬዚስተሩ በፊት ነው፤ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊውዙና ወደ ቁልፉ ሂድ።

መውጫው ላይ ደብዘዝ ብሎ ቢበራ አትደንግጥ። ፑንቲናው ተዘግቶ ሳለ እንዲህ መሆን አለበት። ሙሉ ብርሃን የምታየው ፑንቲናው ሲከፈት ነው።

ቴስተር (ቮልትና ኦም መለኪያ) ካለህ ሽቦዎቹን ነቅለህ ሬዚስተሩን ለካ። 1.5 ኦም አካባቢ ያነብልሃል። ምንም ካላነበበ ተበጥሷል። አንዳንዴ ደግሞ ውስጡ ተሰንጥቆ ሲነካካ ይሠራል፣ ሲለያይ ይተዋል። ስለዚህ እየለካህ በጣትህ ገፋ አድርጋት። ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ መጣል ነው።

ለሙከራ ብቻ፣ የሬዚስተሩን ሁለት ጫፍ በአጭር ሽቦ አገናኝና አስነሳት። ከተነሳችና ቁልፉን ስትለቅ ከቀጠለች መልሱን በዓይንህ አየህ። ደቂቃ ሁለት ደቂቃ አሠርተህ አጥፋት። እንደዚያው አስረህ ሐይቅ ድረስ እንዳትነዳት። እንዲህ ታስረው የሚመጡ መኪኖች አይቻለሁ፤ ትንሽ ቆይቶ የሚመጣው የቦቢና ወይም የፑንቲና ወጪ ነው። ሬዚስተሩ ደግሞ ከካርቡሬተር አንጻር ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከአሮጌ መኪና ላይ የተነቀለም ቢሆን ለክተህ ደህና ከሆነ ይሠራል።

የቁልፉ ስዊች ከተጠረጠረ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የአባትህ ቁልፍ ላይ ስንት ነገር ተንጠልጥሏል? የቤት ቁልፍ፣ የሱቅ ቁልፍ፣ የሳጥን ቁልፍ፣ ከዚያ ላይ ጌጥ። ይህ ሁሉ ክብደት አርባ ዓመት ሙሉ በየጉድጓዱ ሲወዛወዝ የስዊቹን ውስጥ ይበላዋል። ቁልፉን ኦን ላይ አድርገህ በቀስታ ወዝወዝ አድርገው። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ካለ ስዊቹ ነው።

እግረ መንገድህን አባትህን አንድ ጥያቄ ጠይቅልኝ፦ «አባ፣ መኪናዋ ላይ የተደበቀ ማጥፊያ አስገብተው ነበር?» በለው። ትንሽ ፈገግ ይል ይሆናል። የድሮ ሰው ሌባ ፈርቶ ከዳሽቦርድ ሥር ወይም ከመቀመጫ ሥር ትንሽ ስዊች ያስገባል። ወደ ቦቢና የሚሄደውን ሽቦ ትቆርጣለች። ባለቤቱ ይረሳታል፣ ልጅ በእግሩ ይመታታል፣ መካኒክ ለሳምንት ይለፋል። አላርም የተገጠመላት መኪና ከሆነችም የአላርሙ መቁረጫ ሪሌይ እንዲሁ ያደርጋል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ቀን ልመለስ። ፒያሳ ላይ የሆነውና ሆጤ ላይ የሆነው አንድ በሽታ አይመስለኝም። ሁሉም ሰው አንድ ምክንያት ፈልጎ ሁሉንም በእሱ ሊያስረዳ ይሞክራል፤ አሮጌ መኪና ግን ሁለት ነገር በአንድ ሳምንት ማበላሸት ትችላለች።

ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። መንገዱ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ማለት ሐረጎን በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ እያጓራህ ወጥተሃል። ሞተሩ ጦፏል። ፒያሳ ስታጠፋት ውሃውም ነፋሱም ቆመ፣ ሙቀቱ ግን አልቆመም፤ ሽቅብ ወደ ካርቡሬተሩ ወጣ። ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ቤንዚን በቀላሉ ይፈላል። የካርቡሬተሩ ሳህን ውስጥ የነበረው ፈልቶ ወደ ታች፣ ወደ ሞተሩ መግቢያ ተንጠባጠበ። አንተ መጥተህ ቁልፍ ስትመታ ሲሊንደሩ በቤንዚን ታፍኗል። ይህን ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አድርገህ ቤንዚን መስጫውን ደጋግመህ ከረገጥከው የባሰ አሰመጥካት። ማታ ላይ ተንኖ ደረቀና ተነሳች።

ሲሞቅ አልነሳ ስትል መላው ይህ ነው። ቾኩን አትንካ። ቤንዚን መስጫውን እስከ ወለሉ ቀስ ብለህ ርገጥና እዚያው ያዝ፤ አታንሳ፣ አትድገም። ከዚያ ሞተሪኖውን እስከ አሥር ሰከንድ ምታ። አየሩ በብዛት ገብቶ የታፈነውን ጠርጎ ያወጣዋል። ካልያዘች ሞተሪኖውን ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ አሳርፈው። ሳያሳርፉ የሚመቱት ሰዎች ሞተሪኖ ያቃጥሉና ሁለት በሽታ ይዘው ጋራዥ ይመጣሉ።

ደሴ ላይ ይህ ለምን እንደሚብስ ልንገርህ። እዚህ ያለው አየር ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ካርቡሬተር ይህን አያውቅም። ለቆላ የተቃኘው ጂግለር (ቤንዚኑ የሚያልፍባት የካርቡሬተሩ ቀዳዳ) ደሴ ላይም ያንኑ ያህል ቤንዚን ለመስጠት ይሞክራል። ስለዚህ መኪናዋ ገና ከመነሻው ቤንዚን ይበዛባታል። ቾክ በብርድ ጠዋት ያስፈልጋል፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ደሴ ቀልድ አይደለም። ግን ገና አንድ ጊዜ እንደያዘች መመለስ ነው። እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ድረስ ቾክ ስቦ የሚነዳ ሰው ካንዴላው ቢጠቁር መገረም የለበትም።

ሦስተኛው ነገር መካኒኩ የነካው ነው። ዲስትሪቢዩተሩ ተነቅሎ ከተመለሰ በኋላ መጀመሪያ የነበረው ችግር ተሸፍኖ አዲስ ችግር ሊፈጠር ይችላል። እዚህ ላይ መልስልኝ፦ «ልትይዝ ትላለች» ያልከው ከመካኒኩ በፊት ነው ወይስ በኋላም ቀጥሏል? በኋላም ከቀጠለ ዲስትሪቢዩተሩ ብዙም አልተሳሳተም። በፊት ብቻ ከነበረና አሁን በካርቡሬተሩ በኩል የምትተፋ፣ ወይም በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) የምትተኩስ ከሆነ ግን ወይ ተገልብጦ ገብቷል፣ ወይ የካንዴላ ገመዶቹ ተቀያይረዋል።

ማረጋገጫው ይኸውልህ። አንደኛ ሲሊንደር በራዲያተሩ በኩል ያለው ነው። ካንዴላውን ፍታና ቀዳዳውን በአውራ ጣትህ ዝጋ። የቦቢናውን ሽቦ ነቅለህ፣ ሌላ ሰው ፑሊውን በመፍቻ ቀስ ብሎ ያዙር። አየር ጣትህን መግፋት ሲጀምር ፒስተኑ ወደ ላይ እየመጣ ነው። የፑሊው ምልክት ዜሮ ላይ ሲደርስ አቁመው። አሁን የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንሳ። ሮተሩ (ክዳኑ ሥር የሚዞረው) ወደ አንደኛው ገመድ ማየት አለበት። ፊቱን አዙሮ ወደ አራተኛው የሚያይ ከሆነ ተገልብጧል። ከዚያ ሮተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ገመዶቹን ቁጠር፦ 1፣ 3፣ 4፣ 2። ሌላ ቅደም ተከተል ካየህ አገኘኸው።

እዚያው ሳለህ ፑንቲናውን እይ። ሙሉ ሲከፈት ክፍተቱ 0.45 ሚሊ ሜትር ነው። በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለኩ ስስ ብረቶች) ይለካል። በዓይን ወይም በሲጋራ ፓኮ ካርቶን ለክቶ «ይበቃል» የሚል ሰው ካጋጠመህ ራስህ ለካ። ከዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ጋር የሚፋተገው የፑንቲናው ተረከዝ ሲያልቅ ክፍተቱ እየጠበበ ይሄድና አንድ ቀን መከፈቱን ያቆማል። ያኔ እሳት የለም። የሚገናኙት ፊቶች ከጠቆሩ ወይም ዘይት ከነካቸው ደግሞ ተዘግተውም አይገናኙም። ያኔም እሳት የለም።

ይህን ደግሞ ያቺው አምፖል ትነግርሃለች። አሁን የቦቢናውን ማይነስ ንካና ሞተሪኖ አስመታ። ብልጭ ድርግም ካለች ፑንቲናው ሥራውን እየሠራ ነው። ሳታቋርጥ ከበራች ፑንቲናው አይዘጋም ወይም ቆሽሿል። ፕላሱ ላይ ብርሃን እያለ ማይነሱ ላይ ጭራሽ ካልበራች ከማይነሱ ወደ ፑንቲናው የሚሄደውን ሽቦ ነቅለህ ድገም። አሁን ከበራች ፑንቲናው አይከፈትም ወይም ኮንደንሰሩ ሾርት አድርጓል። አሁንም ካልበራች ቦቢናው ውስጡ ተበጥሷል። ብልጭ ድርግም እያለች እሳት ከሌለ ደግሞ ቦቢናውን፣ ኮንደንሰሩን፣ ከቦቢናው የሚወጣውን ወፍራም ገመድና ሮተሩን በቅደም ተከተል ጠርጥር።

እሳት መኖሩን የምታየው በትርፍ ካንዴላ ነው። ካንዴላውን ገመዱ ላይ ሰክተህ አካሉን ከሞተሩ ብረት ጋር በደንብ አስነካ። በባዶ እጅህ አትያዘው፣ እጀታው ጎማ ባለው ፒንሳ ያዘው። አካባቢው ላይ የፈሰሰ ቤንዚን እንዳይኖር። ጥሩ እሳት ሰማያዊ ነው፣ «ጣ ጣ» የሚል ድምፅም አለው። ቀጭንና ቀላ ያለ ከሆነ በአየር ላይ ታየዋለህ እንጂ ሲሊንደር ውስጥ በግፊት ሥር መዝለል ያቅተዋል። የካንዴላው ክፍተት 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። አዲስ ካንዴላ ሁሉ ተስተካክሎ አይመጣም፤ የገዛሃቸውን ለካቸው።

ክረምት ላይ ከሆነ ወይም ጉም የወረደበት ጠዋት ከሆነ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ውስጥ ማየት አትርሳ። ጦሳ ተራራ ላይ ጉሙ ሲተኛ ሰኞ ገበያ ሰፈር ያለው አሮጌ መኪና ሁሉ ይነጫነጫል። ክዳኑ ውስጥ ላብ የመሰለ ርጥበት ይይዛል፣ እሳቱም ወደ ካንዴላ መሄዱን ትቶ በርጥበቱ ላይ ይሮጣል። በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ከውስጥ በኩል እርሳስ የተሳለበት የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ካየህ ግን ክዳኑ ተሰንጥቋል፤ ደጋግመህ ብትጠርገውም አይድንም። ማታ በጨለማ ኮፈን ከፍተህ ሞተሪኖ አስመታ። የሚያፈስ ገመድ ካለ በላዩ ላይ ሰማያዊ ጭረት ሲንቀሳቀስበት ታየዋለህ።

እሳቱ ደህና ሆኖ ካልተነሳች ብቻ ወደ ቤንዚኑ እንሂድ። የአየር ፊልትሮውን አንሳ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የካርቡሬተሩን ጉሮሮ እያየህ የቤንዚን መስጫውን ዘንግ በእጅህ ሳብ። ቀጭን የቤንዚን ጅረት ወደ ውስጥ ሲረጭ ካየህ ሳህኑ ውስጥ ቤንዚን አለ። ካርቡሬተሩ ጎን ላይ ትንሽ መስታወት አለች፤ ደረጃው መሐል አካባቢ መሆን አለበት። ይህ ካለ መካኒክህ «ቤንዚን አይደርሳትም» ሊልህ አይችልም።

ጅረቱ ከሌለ፣ ከፓምፑ ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደውን ጎማ ነቅለህ ጠርሙስ ውስጥ አስገባና ሞተሪኖ አስመታ። ያኔ የቦቢናው ሽቦ ይነቀል፣ ሲጋራ የያዘ ሰው አጠገብህ አይድረስ። ጭል ጭል እያለ በምት በምት ከመጣ ፓምፑ ደህና ነው፤ ካርቡሬተሩ መግቢያ ላይ ያለችው ወንፊት ወይም መርፌው ተዘግቷል። እሱም ቢሆን ይጸዳል እንጂ አይገዛም። ካልመጣ የፓምፑን መሳቢያ በአጭር ጎማ ከንጹሕ ቤንዚን ጠርሙስ ጋር አገናኘው። አሁን ከሳበ ችግሩ ከኋላ ነው፦ ፊልትሮ፣ የተሰነጠቀ ጎማ፣ የዛገ ታንከር። የታንከሩን ክዳን ስትከፍት «ሽው» ብሎ አየር ከሳበ ደግሞ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል፤ ርካሹ ጥገና እሱ ነው። አሁንም ካልሳበ የፓምፑ ላስቲክ ተቀዷል። በዚህ ጊዜ የሞተር ዘይቱን አሽትት። ቤንዚን ቤንዚን ካለ ወይም ደረጃው ከፍ ካለ ዘይቱ ሳይቀየር መኪናዋ እንዳትነሳ። ብሮንዚናውን (ዘንጉ የሚዞርበትን ስስ ብረት) ትበላዋለህ።

ቤንዚኑን ከየት ነው የቀዳኸው? መንገድ ዳር በጀሪካን ከገዛህ ነጭ ጋዝ ወይም ውሃ ሊኖርበት ይችላል። ጥቂት በነጭ ብርጭቆ ቅዳና አስቀምጠው። ውሃ ካለ ከሥር ይለያል። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣል። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ይተንናል፤ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቅባት የመሰለ ምልክት ትቶ ይቆያል።

ኮምፕረሽን (ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) የመጨረሻው ነው። የአንተዋ ማታ ላይ ደህና ተነስታ ያደረች መኪና ስለሆነች ብዙም አያሳስበኝም። ግን አንድ ቀን የሚለካልህ ሰው ቢመጣ ይህን ያዝ፦ መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው። እዚያ 12 ባር የሚያነብ ጤነኛ ሞተር ደሴ ላይ 9 አካባቢ ቢያነብ ጤነኛ ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ ያለ ኃጢአታቸው ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) የተቀየረላቸው ሞተሮች አሉ። ከቁጥሩ ይልቅ አራቱ ሲሊንደሮች ተቀራራቢ መሆናቸውን እይ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ ብቻ ከወረዱ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው። አንዱ ብቻ ከወረደ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረህ ድገም፤ ከፍ ካለ ፋሻ፣ ካላለ ቫልቭ። ስትለካ ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻው የተረገጠ ይሁን። ሞተሪኖው ሲያዞር ያለ ምንም መንገራገጭ ሽው ብሎ ፈጥኖ ከዞረና ሮተሩ ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ካቴናው (ቫልቮቹንና ዲስትሪቢዩተሩን የሚያዞረው ሰንሰለት) ተበጥሷል፤ ሌላውን ምርመራ ሁሉ ተወው።

አይሱዙ ወይም ናፍጣ ላንድክሩዘር ይዛችሁ ይህን የምታነቡ፣ ይህ ለእናንተ አይሆንም። ናፍጣ ካንዴላም ቦቢናም የለውም። እናንተ አየር የገባበትን መስመር፣ ማሞቂያውንና ፓምፑ ላይ ያለውን ማጥፊያ ሶሌኖይድ ነው የምታዩት።

ወንድሜ፣ አንተ ዛሬ ማድረግ ያለብህ አምፖሏን ይዘህ ሆጤ መሄድ ነው። መካኒኩን አትጣላው፤ አብሮህ ይይ። መጀመሪያ የቦቢናው ፕላስ ኦን ላይና ስታርት ላይ፣ ቀጥሎ የሬዚስተሩ ሁለት ጫፍ፣ ከዚያ ማይነሱ። ያየኸውን እንዳየኸው ጻፍልኝ፦ የቱ ጋ በራች፣ የቱ ጋ ጠፋች፣ የቱ ጋ ደበዘዘች። ሬዚስተሩ ከሆነ ከነሽቦዎቹ ፎቶ አንስተህ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ውሰዳትና ኦሙ የሚመሳሰል ስጡኝ በል። ከሦስቱ አንዱም እኔ እንዳልኩት ካልሆነ ደግሞ የሞተሪኖው ድምፅ የሚሰማበት አጭር ቪዲዮ ጨምርልኝ፤ ከዚያ ቀጥለን እናያለን።